ኦሾነሲና ሁለቱ መንገዶች፤ በደም ሥር የሚሰጠው ካናቢዲዮል ከየት መጣ?

ባለፈው ዓመት በአሜሪካን አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ከደብዳቤው ጋር በሚኖርበት ከተማ ከተከፈቱት «የጤና ማጎልበቻ» ቤቶች ከአንዱ ያገኛትን የአገልግሎት ዝርዝር አያይዞ ልኮልኛል። በወረቀቷ ላይ የተለያዩ ቪታሚኖችና ማዕድናት ከጨው ውሃ ጋር ተቀላቅለው በደም ሥር ለሚገቡበት አገልግሎት፣ እንደ ምግብ ቤት ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱ ዋጋ ተቆርጦለታል። ከታችኛው መሥመር ላይ ደግሞ ካናቢዲዮል በደም ሥር እንደሚሰጥ፣ ድካምን፣ ጭንቀትን፣ እንቅልፍ ማጣትንና የመገጣጠሚያ ሕመምን እንደሚያስታግሥ ተጽፏል። ባልደረባዬ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኅቱ በሽታ ሳይገኝባት፣ ድካም ስለ ተሰማት ብቻ፣ ይህን ለማስደረግ ቀጠሮ ይዛለች፤ «አንተ ምን ትላለህ?» ይላል።

መልሱን በሁለት መሥመር ጽፌ ልልክለት እችል ነበር። ዳሩ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዚህ እትም ከመድኃኒት ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜም ሌላ ርእስ መፈለግ አላስፈለገኝም። ምክንያቱም በዚያች ወረቀት ላይ በአንድ መሥመር የተጻፉት ሁለት ነገሮች፣ ማለት ፈሳሽን በደም ሥር አስገብቶ ማከምና የካናቢስ ተክል መድኃኒትነት፣ ወደ ምዕራባውያን ሕክምና በሚገቡበት ጊዜ መንገዱን የጠረገላቸው አንድ ሰው ነው። ያም ሰው አየርላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ብሩክ ኦሾነሲ ነው። በሁለቱ ሥራዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ስምንት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ከእርሱ እጅ ከወጡ በኋላ ግን ሁለቱ መንገዶች ተለያይተው ከመቶ ዓመት በላይ ለየብቻ ተጓዙ። ዛሬ በንግድ ቤት ውስጥ ተገናኝተው ስናያቸው፣ በመካከሉ የሆነውን ማወቅ ለሙያችን ሰዎች የሚጠቅም ይመስለኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መድኃኒትን በደም ሥር የማስገባት ሐሳብ ከኦሾነሲ በፊት የነበረ ነው። ዊልያም ሃርቪ የደምን ዝውውር በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ካስረዳ በኋላ፣ መድኃኒት በሆድ በኩል ዙሮ መሄዱ ቀርቶ በቀጥታ ከደም ጋር ቢቀላቀልስ የሚል ጥያቄ መነሣቱ የማይቀር ነበር። በ1656 ክሪስቶፈር ሬን፣ ኋላ የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ንድፍ ያወጣው ሰው፣ በኦክስፎርድ ከሮበርት ቦይል ጋር ሆኖ በወይን ጠጅ የተሟሟ ኦፒየም በአንድ ውሻ ደም ሥር ውስጥ አስገባ። መርፌው የወፍ ላባ ዘንግ፣ ሲሪንጁም የእንስሳ ፊኛ ነበር። ውሻው ደነዘዘ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ በጀርመንም የሞከሩት ሐኪሞች ነበሩ፤ ነገሩ ግን ሥር ሳይሰድ ቀረ።

በ1831 መጨረሻ ኮሌራ በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በሰንደርላንድ ወደብ ገባ። ኦሾነሲ ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር። በኤዲንብራ ሕክምና ተምሮ ለንደን ቢመጣም በዚያ ለማከም ፈቃድ ስላላገኘ በኬሚስትሪ ምርመራ ይተዳደር ነበር። ይህ ዕድለ ቢስነት ለዓለም በጀ ማለት ይቻላል። የዘመኑ ሐኪሞች ውሃው ተሟጥጦ ያለቀውን የኮሌራ በሽተኛ እንደ ገና ደሙን ሲያፈስሱት፣ ኦሾነሲ ወደ ሰንደርላንድ ሄዶ የበሽተኞቹን ደም በኬሚስትሪ መረመረ። ደሙ ከውሃውና ከጨዉ ብዙውን አጥቶ አገኘው፤ በደሙ ውስጥ የጎደለው ጨው ደግሞ በተቅማጡ ውስጥ ተገኘ። እንግዲህ የሚያስፈልገው የጎደለውን መመለስ ነው፤ በአፍ መመለስ ካልተቻለ በደም ሥር ይመለስ ሲል በ1831 መጨረሻና በ1832 መጀመሪያ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ጻፈ። እርሱ ራሱ ግን በበሽተኛ ላይ አላደረገውም።

ያደረገው በኤዲንብራ አጠገብ ባለችው በሊዝ ከተማ የሚሠራው ሐኪም ቶማስ ላታ ነው። ላታ በግንቦት 1832 ለጤና ቦርድ በጻፈው ደብዳቤ የመጀመሪያዋን በሽተኛ ነገር በዝርዝር ተናግሯል። አሮጊት ሴት ነበረች፤ የታወቀው መድኃኒት ሁሉ ተሰጥቷት አልረዳትም፤ ከዚህ በኋላ ሊጎዳት የሚችል ነገር የለም ብሎ አሰበ። በክንዷ ደም ሥር የብር ቀጭን ቱቦ አግብቶ የጨውና የሶዳ ውሃ በሲሪንጅ ይጨምርላት ጀመር። መጀመሪያ ምንም ለውጥ አልታየም። ከዚያ ትንፋሿ ቀለል አለ፤ የጎደጎደው ዓይኗና የከሳው ፊቷ ቀስ በቀስ የሕያው ሰው መልክ ያዘ፤ ጠፍቶ የነበረው የልብ ትርታዋም ተመለሰ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስድስት ፓይንት፣ ማለት ከሦስት ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ ከገባላት በኋላ፣ ምንም እንደማያማት ጠንከር ባለ ድምፅ ተናግራ ቀልድ እስከ መቀለድ ደረሰች። እጅግ ደክሞት የነበረው ላታ፣ ድናለች ብሎ ለሆስፒታሉ ሐኪም ትቷት ሄደ። ትውከቱና ተቅማጡ ተመለሰባት። ፈሳሹን የደገመላት ግን አልነበረም። ላታ ከሄደ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ አረፈች።

ላታ ይህን አልደበቀም። መርፌው ቢደገም ኖሮ ትተርፍ ነበር ብሎ የራሱን ጉድለት ጻፈ፤ በተከታዮቹ በሽተኞቹም ላይ ሲያስፈልግ መድገምን ተማረ። ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ዓመት ላታ ሞተ፤ ወረርሽኙም ጋብ አለ፤ ሐሳቡም ለብዙ ዓመታት ተተወ። ምክንያቱን ዛሬ እናውቀዋለን። ውሃው ከተህዋስያን የጸዳ አልነበረም፤ የጨዉ መጠን ከደም ጋር የተመጣጠነ አልነበረም፤ ሕክምናውም የሚደረገው ሊሞቱ ጥቂት ለቀራቸው ብቻ ነበር። በትክክለኛ ሐሳብና በትክክለኛ ዝግጅት መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ በሙያችን ታሪክ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ኦሾነሲ ግን በዚህ ጊዜ አገር ለቅቆ ነበር። በ1833 የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ረዳት ሐኪም ሆኖ ካልካታ ገባ፤ ቆይቶም በካልካታ ሕክምና ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህር ሆነ። በዚያም ሕዝቡ ባንግ፣ ጋንጃና ቻራስ እያለ የሚጠራውን፣ እኛ አገር ሐሺሽ በሚለው ስም የሚታወቀውንና በሕግ የተከለከለውን ተክል አገኘ። ሕንዶች ለብዙ መቶ ዓመታት ለመድኃኒትም ለስካርም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ለኤውሮፓ ሐኪሞች ግን እምብዛም የታወቀ አልነበረም።

በ1839 ለቤንጋል የሕክምና ማኅበር ባነበበው ጽሑፍ የተከተለውን የሥራ ቅደም ተከተል ልብ ማለት ይገባል። በመጀመሪያ የአገሩን ሊቃውንትና የጥንት መጻሕፍትን ጠየቀ። ቀጥሎ እንስሳትን ሞከረ። ለአንድ መካከለኛ ውሻ በአልኮል የተሟሟ የቻራስ ሙጫ ሰጥቶ በየሰዓቱ ያየውን መዘገበ፤ ውሻው ፈዘዘ፣ አንቀላፋ፣ ከእንቅልፉ እየነቃ ያለ ምክንያት ጅራቱን ቆላ፣ በስስት በላ፣ ተንገዳገደ፣ በመጨረሻም ያለ ጉዳት ወደ ጤናው ተመለሰ። ዓሣን፣ ድመትን፣ አሳማን፣ ጥንብ አንሣንና ቁራን ሲያሰክራቸው፣ ፈረስን፣ ፍየልን፣ በግንና ላምን ግን በጥቂቱ ብቻ እንደሚነካቸው አስተዋለ። ወደ ሰው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለቁርጥማት በሽተኞች አንድ አንድ ግሬን የሚመዝን ሙጫ ሲሰጥ፣ ከመካከላቸው የአንደኛው ሰውነት እንደ ሰም ሆነ፤ እጁን ወደ ላይ ቢያነሡት እንደ ተነሣ፣ ቢያጥፉትም እንደ ታጠፈ ይቀር ጀመር። ኦሾነሲ መደንገጡን ሳይሸሽግ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላም መጠኑን ቀነሰ። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘውን ሰው አላዳነም፤ ሥቃዩን ግን አቀለለለት። በመንጋጋ ቆልፍ በተያዙት ላይ ያገኘው ውጤት ተስፋ ሰጠው። ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው ግን የአርባ ቀን ሕፃን ልጅ ታሪክ ነው። ሕፃኗ በተደጋጋሚ ትንፈራገጥ ነበር፤ አልቅትና የዘመኑ መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮባት ሳይረዳት ቀርቶ ሞቷ ይጠበቅ ነበር። ኦሾነሲ በአልኮል የተዘጋጀውን የካናቢስ መድኃኒት በጠብታ ጀምሮ፣ እያስተዋለ መጠኑን እየጨመረና እየቀነሰ ሰጣት። ልጅቱ ዳነች። የአንዲት ሕፃን መዳን ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ከ179 ዓመት በኋላ የሆነውን ስናይ የኦሾነሲን ዓይን አለማድነቅ አይቻልም።

ኦሾነሲ ወደ እንግሊዝ በተመለሰ ጊዜ ተክሉን ይዞ መጥቶ ፒተር ስኳየር ለተባለው የለንደን መድኃኒት ቀማሚ ሰጠው፤ የካናቢስ ጭማቂም በመድኃኒት ቤቶች መሸጥ ጀመረ። እርሱ ግን ከዚያ በኋላ ሕክምናን ትቶ በሕንድ የቴሌግራፍ መሥመር ዘርጊ ሆነ፤ በ1856 የክብር ማዕረግ የተሰጠውም ለሕክምናው ሳይሆን ለቴሌግራፉ ነበር። አንድ ሰው ሦስት ዕድሜ ኖረ ማለት ይህ ነው።

ካናቢስ በ1850 በአሜሪካን የመድኃኒት መዝገብ ገባ፤ በእንግሊዝም ለሕመም፣ ለእንቅልፍ ማጣትና ለራስ ምታት ይታዘዝ ነበር። ነገር ግን አንድ ያልታሰበ ተወዳዳሪ መጣበት። በ1853 አሌክሳንደር ውድ በኤዲንብራ፣ ሻርል ፕራቫዝም በሊዮን የመርፌ ሲሪንጅን ሥራ ላይ አዋሉ። ሞርፊን በውሃ የሚሟሟ ጨው ስለ ሆነ በዚያ መርፌ ወዲያውኑ ተሰጠ፤ በደቂቃዎችም ውስጥ ሕመምን አስታገሠ። የካናቢስ ሙጫ ግን በውሃ አልሟሟም አለ። ኃይሉም ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው ይለያይ ስለ ነበር፣ ሐኪሙ ዛሬ ያዘዘው መጠን ነገ ወይ ምንም አይሠራም ወይ ያሰክራል። ስለዚህም ከእንግሊዝ መዝገብ በ1932፣ ከአሜሪካኑም በ1942 ተሠረዘ። ለመሠረዙ የሱስና የሕግ ጉዳይ የራሱ ድርሻ ነበረው። ሆኖም የፋርማሲ ባለሙያ ነገሩን በሙያው ዓይን ሲያየው፣ ካናቢስን ከአልጋው አጠገብ ያስወገደው በመርፌ መግባት አለመቻሉ ጭምር መሆኑን ይረዳል። ዛሬ «በደም ሥር እንሰጣለን» የሚሉት ሰዎች ይህ ችግር መቼና እንዴት እንደ ተፈታ ቢነግሩን ደስ ይለኝ ነበር።

የኬሚስትሪው ታሪክ አጭር ነው። አሜሪካዊው ሮጀር አዳምስ ካናቢዲዮልን ከተክሉ ለይቶ ያወጣው በ1940 ነው። ትክክለኛ ቅርጹን ግን በ1963 በእስራኤል ራፋኤል መሹላምና ዩቫል ሽቮ አስረዱ፤ በተከታዩም ዓመት መሹላምና ይሒኤል ጋኦኒ የሚያሰክረውን ቴትራሃይድሮካናቢኖል ለይተው አወጡ። መሹላም ለምርምሩ የሚሆነውን አምስት ኪሎ የሊባኖስ ሐሺሽ ከፖሊስ ተቀብሎ በሕዝብ አውቶቡስ ተሸክሞ እንደ ሄደ፣ ተሳፋሪውም በሽታው ይገረም እንደ ነበር እስከ ዕድሜው መጨረሻ እየሣቀ ይናገር ነበር። ካናቢዲዮል አያሰክርም፤ ከዚህ የተነሣ ለብዙ ጊዜ የማይጠቅም ተደርጎ ተቆጥሮ ነበር።

በብራዚል ተደርጎ በ1980 የታተመው ሙከራ ይህን አስተያየት መለወጥ ጀመረ። የሚጥል በሽታቸው በታወቀው መድኃኒት አልታገሥ ካላቸው አሥራ አምስት ሰዎች መካከል ስምንቱ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ካናቢዲዮል በአፍ ወሰዱ፤ አራቱ በሽታው ሊጥላቸው ጨርሶ ተወ ለማለት የሚያስደፍር ለውጥ አገኙ፤ ሦስቱም ተሻላቸው። ምንም መድኃኒት ከሌለበት እንክብል ከተሰጣቸው ሰባት ሰዎች የተሻለው አንድ ብቻ ነበር። በ2017 የታተመው ትልቁ ሙከራ ደግሞ ድራቬ በተባለው ከባድ የሕፃናት የሚጥል በሽታ በተያዙ 120 ልጆችና ወጣቶች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ካናቢዲዮል የወሰዱት መካከለኛ የወር መንፈራገጥ ቁጥር ከ12.4 ወደ 5.9 ዝቅ አለ፤ በሌሎቹ ግን ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ ነበር። በሰኔ 2018 የአሜሪካን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቱን አጸደቀ። የካልካታዋ ሕፃን ከዳነች 179 ዓመት ሆኖ ነበር።

የጸደቀው መድኃኒት በአፍ የሚወሰድ ነው። ማሟሚያውም ሌላ ሳይሆን የሰሊጥ ዘይት ነው። ሑመራ ላይ የሠራ የማኅበራችን አባል ቢኖር ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ሰሊጥ የተመረጠበት ምክንያት ግን ቀላል ነው፤ ካናቢዲዮል ዘይትን ይወዳል፣ ውሃን ይጠላል፤ ከቅባት ምግብ ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው መንገድ እንመለስ። ከላታ በኋላ የደም ሥር ሕክምና ከሞት የተነሣው ቀስ በቀስ ነው። በ1920ዎቹ አሜሪካዊቷ ፍሎረንስ ሳይበርት፣ ከመርፌ በኋላ በሽተኛውን የሚያንዘፈዝፈው ትኩሳት የሚመጣው በተጣራ ውሃ ውስጥ ከሚቀር የባክቴሪያ ትራፊ መሆኑን አሳየች፤ ውሃ ቢፈላና ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ ትራፊው ይቀራል። በፋብሪካ የተዘጋጀ፣ የታሸገና የተመረመረ የጨውና የጉሉኮስ ፈሳሽ በሰፊው የተሠራጨው ከዚህ በኋላ ነው። በውሃ የሚሟሟው ነገር ሁሉ በዚህ መንገድ ተመቻቸ። በውሃ የማይሟሟው ግን ሌላ ጣጣ አመጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እዚህ ላይ ነው።

ዘይት እንዳለ ወደ ደም ሥር አይገባም፤ ቢገባ የሳንባን ሥር ይደፍናል። ስለዚህ ዘይታማውን መድኃኒት የሚሸከም ሌላ ነገር ያስፈልጋል። የመድኃኒት ታሪክ ደጋግሞ የመሰከረው፣ ሰውን የጎዳው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሳይሆን ተሸካሚው መሆኑን ነው። አልቴሲን የተባለው ማደንዘዣ በ1984 ከገበያ ወጣ፤ ምክንያቱም የሚሟሟበት ከጉሎ ዘይት የተሠራው ማሟሚያ በአንዳንድ በሽተኞች ላይ ድንገተኛና ብርቱ የአለርጂ ድንጋጤ ያስከትል ስለ ነበር ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካን አገር የደረሰው ከዚህም የከፋ ነው። በወራቸው ሳይደርሱ ለተወለዱ ሕፃናት በደም ሥር እንዲሰጥ የተዘጋጀ ቪታሚን ኢ፣ ያለ ሙከራና ያለ ፈቃድ ለሆስፒታሎች ተሽጦ 38 ሕፃናት እንደ ሞቱ ተቆጠረ። ፈሳሹ በሆዳቸው ውስጥ ተጠራቀመ፤ ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። በዋናነት የተጠረጠረው ቪታሚኑ ሳይሆን ፖሊሶርቤት የተባለው ማሟሚያ ነው። «ቪታሚን ምን ይጎዳል?» የሚለው አነጋገር በተነሣ ቁጥር እነዚያ ሕፃናት ትዝ ይሉኛል።

ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ቢኖር፣ በ2017 የአሜሪካኑ አስተዳደር ስለ እርድ ያወጣውን ማስታወቂያ ያንብብ። አዎን፣ ለወጥ የምንጠቀምበት እርድ። ከእርድ የሚገኘው ኩርኩሚን በደም ሥር ተሰጥቶ ሁለት ሰዎች ብርቱ የአለርጂ ድንጋጤ ደረሰባቸው፤ ከሁለቱ አንደኛዋ ሞተች። ኩርኩሚንም እንደ ካናቢዲዮል በውሃ የማይሟሟ ነው። ፈሳሹ ሲመረመር ማሟሚያው ለመርፌ መድኃኒት የማይሆን ደረጃ ያለው የጉሎ ዘይት ውጤት ሆኖ ተገኘ፤ በውስጡም ዳይኤቲሊን ግላይኮል ነበረበት። ይህ መርዝ በ1937 በሰልፋኒላማይድ ሽሮፕ ውስጥ ገብቶ በአሜሪካን ከመቶ በላይ ሰዎችን የገደለ፣ የዛሬውን የመድኃኒት ቁጥጥር ሕግ የወለደ ያው መርዝ ነው።

ችግሩ ግን ሊፈታ የማይችል አይደለም። ስዊድናዊው አርቪድ ቭሬትሊንድ የአኩሪ አተርን ዘይት ከእንቁላል በተገኘ ቅባት አድቅቆ እንደ ወተት በውሃ ውስጥ በመበተን፣ በደም ሥር ሊሰጥ የሚችል ምግብ በ1962 ሥራ ላይ አዋለ። ፕሮፖፎል የተባለው ማደንዘዣም በ1977 ሲሞከር እንደ አልቴሲን በጉሎ ማሟሚያ ነበር፤ አለርጂ ስላስከተለ ሠሪዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው በዚሁ በወተት መሰል ዝግጅት እንደ ገና አዘጋጁት፤ በ1986 ለሐኪሞች እጅ ደረሰ። ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ለአንድ ማሟሚያ ዘጠኝ ዓመት!

ወደ ካናቢዲዮል ስንመጣ፣ ነጋዴዎቹ የሚያቀርቡት ክርክር በቁጥር ረገድ ሐሰት አይደለም። በአፍ ከተወሰደው ካናቢዲዮል ጉበትን አልፎ ወደ ደም የሚደርሰው ከመቶ ስድስት ያህሉ ብቻ ነው፤ በደም ሥር የተሰጠው ግን ሙሉ በሙሉ ይደርሳል። «ታዲያ ገንዘባችሁን ለምን በሆዳችሁ ታባክናላችሁ?» ይላሉ። ክርክሩ የሚያልፈው ነገር ግን አለ። ለአንድ ልጅ በቀን በኪሎ እስከ 20 ሚሊግራም በአፍ ሲሰጥ ምን እንደሚያደርግ የታወቀው በብዙ መቶ በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ነው። እንቅልፍ እንደሚያበዛ፣ ተቅማጥ እንደሚያመጣ፣ በተለይ ቫልፕሮኤት ከሚባለው መድኃኒት ጋር ሲወሰድ የጉበት ኤንዛይሞችን ከፍ እንደሚያደርግ፣ የክሎባዛምንና የዋርፋሪንን ኃይል እንደሚጨምር የታወቀውም በዚያው ነው። በደም ሥር ለሰዎች የተሰጠበት ጥናት ግን ጥቂት ሲሆን፣ ዓላማውም በሽታ ማከም አልነበረም። ከእነርሱ የታወቀው በ1986 የታተመው የአግኔታ ኦልሶንና የባልደረቦቿ ሥራ ነው። ለአምስት ወጣት ወንዶች 20 ሚሊግራም በደም ሥር ተሰጥቶ በደማቸው ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ተለካ፤ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ይኸውም አንዴ ከገባ ቶሎ አይወጣም ማለት ነው። በአፍ የተወሰደውን ሆድ ሊያስመልሰው፣ ጉበትም ሊቀንሰው ይችላል። ደም ሥር ግን በር ጠባቂ የለውም።

የአሜሪካንም ሆነ የኤውሮፓ የመድኃኒት አስተዳደር በደም ሥር የሚሰጥ ካናቢዲዮል ለማናቸውም በሽታ አላጸደቀም። በሚያዝያ 2020 የአሜሪካኑ አስተዳደር ሕገ ወጥ የካናቢዲዮል ውጤት ለሚሸጡ ሁለት ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ አንደኛው ድርጅት ይሸጥ የነበረው በመርፌ የሚሰጥ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት፣ የተክሉን ጭማቂ በገዛ እጃቸው አፍልተው በደም ሥራቸው ያስገቡ ሰዎች ትኩሳት፣ ትውከት፣ የደም ግፊት መውረድና የኩላሊት ጉዳት እንደ ደረሰባቸው በሕክምና መጽሔቶች ተዘግቧል። እርግጥ ያ ያልተጣራ ጭማቂ ከንጹሕ ካናቢዲዮል ጋር አይነጻጸርም፤ የማነሣው መጠጡ ሲገባ በምን ተጣርቶ እንደ ገባ መጠየቅ ከጥንትም አስፈላጊ እንደ ነበረ ለማሳሰብ ብቻ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይሄዳል? ይህን ጥያቄ በንቀት ማለፍ ተገቢ አይደለም። የቪታሚኑ ፈሳሽ ልማድ የጀመረው በባልቲሞር ከተማ ይሠራ ከነበረው ከሐኪም ጆን ማየርስ ነው፤ እርሱ በ1984 ሲሞት በሽተኞቹ ሌላ ሐኪም ፈልገው ያንኑ እንዲሰጣቸው ለመኑ። በ2009 የታተመ አንድ ሙከራ የዚህን ፈሳሽ ጥቅም በ34 የሰውነት ቁርጥማት ሕሙማን ላይ ፈተነ። ግማሾቹ የማየርስን ቅልቅል፣ ግማሾቹ ሪንገር ላክቴት የተባለው የጨው ፈሳሽ በየሳምንቱ በደም ሥር ተሰጣቸው። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው። በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት ግን አልተገኘም።

ይህን ውጤት ያነበበ የአገራችን ባለሙያ ብዙ የሚገረም አይመስለኝም። ወጣት ሳለሁ በአንድ የጠቅላይ ግዛት ከተማ ስሠራ፣ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው የመጡ አንድ አባት፣ ሐኪሙ ያዘዘላቸውን እንክብል በእጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ ጉሉኮስ ሳይሰካልኝ ታከምሁ ብዬ ወደ ቤቴ እንዴት እገባለሁ?» አሉኝ። አንድ ሊትር አምስት ከመቶ ጉሉኮስ በውስጡ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ አሥር የሻይ ማንኪያ ያህል። ይህን ልነግራቸው ሞከርሁ። በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ ሻይ ቤት ሄደው የሚያገኙት ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ጠብታ እንደማይቆጥርላቸው ነገሩኝ። በወቅቱ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ብዙ የለኝም። በባልቲሞርም ይሁን በእኛ ከተማ፣ የተሰቀለው ጠርሙስ ሥር ተኝቶ አንድ ሰዓት የሚያሳርፈው ሰው ያጣ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ልዩነቱ፣ የእኛ ሽማግሌ የጠየቁት ፈሳሽ በሙሉ የተመረመረና ለመቶ ዓመት ያህል የታወቀ መሆኑ ነው።

ለባልደረባዬ የጻፍሁለት መልስ ከዚህ ሁሉ አጠር ያለ ነበር። እኅቱ ወደዚያ ቤት ከመሄዷ በፊት ሦስት ነገር እንድትጠይቅ ነገርሁት። ፈሳሹ የተሟሟው በምን ነው? ያዘጋጀውስ የትኛው ላቦራቶሪ ነው፤ ከተህዋስያንና ከባክቴሪያ ትራፊ ነጻ መሆኑን የመረመረውስ ማን ነው? ድንገት ሰውነቷ ቢቆጣ በዚያ ሰዓት አድሬናሊን የሚሰጣት ባለሙያ በቤቱ ውስጥ አለ ወይ? ደግሞም ድካሙ ራሱ ከምን እንደ መጣ ደሟን አስመርምራ ታውቅ እንደ ሆነ ጠየቅሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ ጻፈልኝ። ለሦስተኛው ጥያቄ በቤቱ አንዲት ነርስ እንዳለች ነግረዋታል። ለሁለተኛው የላቦራቶሪውን ስም በወረቀት ጽፈው ሰጥተዋታል። ለመጀመሪያው ግን «ዝግጅቱ የተፈጥሮ ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አላገኘችም። የደም ምርመራውን ለማድረግ ሐኪም ዘንድ ተመዝግባለች፤ የዚያኛውን ቤት ቀጠሮ ግን ወደሚቀጥለው ወር አዛወረችው እንጂ እስካሁን አልሠረዘችውም።